ከጣርማ በር እስከ ሐረጎ፦ የማርሽ ታሪክ በከሚሴ

የከሚሴን መካኒኮች ያፈሯቸው ሁለት ዳገቶች ናቸው። በደቡብ ከ3,000 ሜትር በላይ የሚወጣው ጣርማ በር አለ፤ በሰሜን ደግሞ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚያወጣው ሐረጎ። ከተማችን ከአዲስ አበባ 325 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ቦርከና በሚያልፍበት ቆላ፣ የሁለቱ መሃል ላይ ተቀምጣለች። ጣርማ በርን ሲወርድ የተጎዳ ካምቢዮ ጉዳቱን የሚያሳየው ሜዳው ላይ ሲደርስ ነው። ሐረጎን ሊወጣ ያሰበ ሾፌርም ያልተማመነበትን መኪና ይዞ ከዚህ አያልፍም። እኔ እጄን የፈታሁት በእነዚህ መኪኖች ሥር ተኝቼ ነው።

በዚህ መስመር መኪና በገፍ የታየው በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ነው። የጣሊያኑ ማርሻል ባዶሊዮ ከ1,600 በላይ መኪኖች አሰልፎ ከደሴ ወደ አዲስ አበባ ሲገሰግስ፣ ወገኖቻችን ጣርማ በር ላይ መንገዱን ንደው ጠበቁት። ዝናቡና ጭቃው ተጨምሮበት የባዶሊዮ ወታደሮች መኪኖቹን እየጎተቱና እየገፉ አሳለፏቸው፤ ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ገቡ። ጣሊያን ከዚያ በኋላ ተራራውን ፈልፍሎ ዋሻውን ሠራ። በ1933 ዓ.ም. ሲሸነፍ ዋሻውም፣ ትሬንታ ኳትሮ የምንለው ፊያት 634ም፣ በየጋራዡ ፍታ አምጣ ሲባሉ የኖሩ የአገር ልጆችም እዚሁ ቀሩ። የጥገና ሙያ በመንገዱ ላይ የተስፋፋው ከእነዚያ ልጆች እጅ ነው።

በ1943 ዓ.ም. መንግሥት ከዓለም ባንክ ለመንገድ ሥራ ተበደረ፤ ባንኩ ለአፍሪካ አገር ያበደረው የመጀመሪያው ገንዘብ ነበር። በዚያው ዓመት የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ። መንገዱ ሲጠገን የአሰብ ወደብ ጭነት በባቲና በኮምቦልቻ በኩል ወጥቶ በከሚሴ ማለፉ በረታ። የዚያ ዘመን ንጉሥ ኤንትሬ ነው፤ ፊያት 682 ኤን 3። መሪው በቀኝ ነበር፤ ጣሊያኖች በተራራ መንገድ ሾፌሩ የገደሉን አፋፍ ከመስኮቱ ሥር እንዲያይ ብለው እንዲያ ይሠሩት ነበር። ሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም. አገሩ በሙሉ ከግራ ወደ ቀኝ መንዳት ሲዞርም ኤንትሬ መሪውን በቀኝ እንደያዘ ቀጠለ።

የድሮ ካምቢዮ ማርሽ ሲቀየር የጥርሶቹን ፍጥነት የሚያስማማለት ነገር የለውም፤ የሚያስማማው ሾፌሩ ነው። ማርሽ ለመቀነስ ፍሪሲዮን ረግጦ ማርሽ ወደሌለበት ወደ ፎሌ ያወጣል፣ ፍሪሲዮኑን ለቆ ለሞተሩ ነዳጅ ይሰጣል፣ ድምፁ ልክ ሲደርስ እንደገና ረግጦ ያስገባል። ይህ ሁሉ በአንድ እስትንፋስ ያልቃል። ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል ተሳቢ እየጎተተ ሳለ ማርሹ ፎሌ ላይ ከቀረበት መኪናው ይፈጥናል፣ ጥርሱ አይገጥምም፣ ፍሬኑ ብቻውን ግሎ ይደክማል። ስለዚህ ቁልቁለቱ ሳይጀምር ከባዱ ማርሽ ይገባል፣ እስከ ታች አይነካም። ዳገት ላይ ደግሞ ረዳቱ ታኮ ይዞ በጎን ይሮጥ ነበር፤ ማርሽ እምቢ ካለ ጎማው ሥር የሚወረውረው ያ እንጨት የሰው ነፍስ ነው።

በ1960ዎቹ መጀመሪያ ሙያ ያስተማሩኝ ሰው ማርሽ አልገባ ያለው መኪና ሲመጣ ቁልፍ አያነሱም ነበር። «አንተ ልጅ፣ መጀመሪያ ሞተሩን አጥፋ» ይሉኛል። ሞተሩ ጠፍቶ ማርሹ ሰተት ብሎ ከገባ፣ ሲነሳ ግን የሚንጫጫ ከሆነ፣ ጥፋቱ ካምቢዮው ውስጥ አይደለም፤ ፍሪሲዮኑ ሙሉ በሙሉ አይለቅም ማለት ነው። ሞተሩ ጠፍቶም ከከበደ፣ ከማርሽ ዘንጉ ጀምሮ መገጣጠሚያዎቹን አንድ በአንድ መነቅነቅ ነው፤ ብዙ ጊዜ የተበላ ቡሽ ወይም የተጣመመ ዘንግ ይገኛል። ማርሹ ገብቶ ጭነት ሲሰማው የሚተፋ ከሆነ ነገሩ ጠለቅ ይላል፦ ማርሹን በቦታው የሚይዘውን የብረት ኳስ የሚገፋው ሞላ ደክሟል፣ ጥርሱን የሚገፋው ሹካ ሳስቷል፣ ወይም የጥርሱ ጫፍ ተድበልብሏል። ከዚያ በኋላ ዘይቱ ይወርዳል። ያስተማሩኝ ሰው ዘይቱን በሁለት ጣታቸው አሽተው ወደ ፀሐይ ያዞሩታል፤ የሚያብለጨልጭ ደቃቅ ብረት በቅባቱ ውስጥ ከታየ ኩሽኔታ ወይም ጥርስ እየተበላ ነውና ካምቢዮው ይወርዳል። ካልታየ ካምቢዮው አይነካም። መለዋወጫ ከአዲስ አበባ ወይም ከአስመራ እስኪመጣ መኪናው የሚቆምበት ዘመን ስለነበር፣ ያለ ምክንያት መፍታት የባለ መኪናውን እንጀራ መቁረጥ ነበር።

የአዋሽ–ሚሌ መንገድ ሲከፈት የአሰብ ጭነት አብዛኛው በዚያ መንገድ ዞረ፤ በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር የተነሳው ጦርነት አሰብን ራሱን ዘጋብን። ከሚሴ ግን የወሎና የትግራይ መንገድ ላይ ናትና ሥራው አልሞተም። ዛሬ በደጃችን የሚቆሙት አይሱዙና ሲኖትራክ ናቸው፤ ማርሻቸው ለእጅ ይቀላል፣ ጥርሶቹን የሚያስማማ ቀለበት አላቸው። ያ የነሐስ ቀለበት ሲበላ ግን ማርሹ እንደ ኤንትሬ ይንጫጫል፤ ፍሪሲዮን አልለቅ ሲልም ምልክቱ ያው ነው።

ወጣቶቹ መካኒኮቻችን ብርቱ ናቸው፤ በኦሮምኛም በአማርኛም ከሾፌሩ ጋር ተግባብተው ከእኛ በፈጠነ እጅ ያወርዳሉ፣ ይገጥማሉ። የምለምናቸው ከመፍታት በፊት ያለውን ሥራ እንዳይዘሉት ነው። ይህ ቅደም ተከተል በየማሠልጠኛው ደብተር ላይ ሊሰፍር ይገባዋል፤ ለእኛ የደረሰን ከአፍ ወደ አፍ ነውና፣ የሚያውቁት ሰዎች እያለፉ ነው። ሐረጎም ጣርማ በርም ከቦታቸው አልተነሱም፤ ማርሹ የሚተፋ መኪና ዛሬም ሰው ጭኖ ይወርድባቸዋል።