ከቢሲዲሞ እስከ ሴል መለያው ማሽን

ሐረሪዎች አርጎ በሪ የሚሉት ኤረር በር የጁገል ምሥራቃዊ በር ነው። ከሐረር በስተ ምሥራቅ ሃያ ኪሎ ሜትር ገደማ ሲጓዙ ቢሲዲሞ ይገኛል። በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ፈረንሳዊው ሐኪም ዣን ፌሮን ለሥጋ ደዌ ሕሙማን ሲደክም፣ በ1957 ዉርዝቡርግ ከተማ ላይ የተቋቋመው የጀርመን የሥጋ ደዌ ረድኤት ማኅበር ደረሰለት፤ የቢሲዲሞ ሆስፒታልም በዚህ ድጋፍ ቆመ።

የሥጋ ደዌን ባክቴሪያ ኖርዌጂያዊው አርማወር ሃንሰን በ1873 ለይቶታል። ባክቴሪያው ግን እስከ ዛሬ በላቦራቶሪ ምግብ ላይ አልበቅልም እንዳለ ነው። ተመራማሪዎች ፊታቸውን ወደ ሕመምተኛው ደም ያዞሩትም ለዚህ ነው። የአንዱ ነጭ የደም ሴል ባክቴሪያውን ሲታገል የሌላው ለምን ዝም ይላል? በ1970 አዲስ አበባ፣ አለርት ሆስፒታል አጠገብ ሥራ የጀመረው የአርማወር ሃንሰን የምርምር ተቋም ይህን ጥያቄ ይዞ ተነሣ። ከመጀመሪያዎቹ ዳይሬክተሮች አንዱ ቶሬ ጎዳል ነበር።

ለጥያቄው መልስ ሴሎቹን ከደም ማውጣት ያስፈልጋል። አርነ ቦዩም የተባለ ሌላ ኖርዌጂያዊ መንገዱን በ1968 አሳትሞ ነበር። የቀጠነ ደም ፊኮል በሚባል ከበድ ያለ ፈሳሽ ላይ ቀስ ብሎ ይፈስና በሴንትሪፉጅ ይሽከረከራል። ቀይ ሴሎች እንደ ጠላ አተላ ወደ ታች ይዘቅጣሉ፤ የሚፈለጉት ነጭ ሴሎች መሃል ላይ ስስ ደመና ሆነው ይቀራሉ። ያችን ደመና ሳይበጠብጡ መምጠጥ የእጅ ሙያ ነው።

በዚያው ዘመን ስታንፎርድ ላይ የሊዮናርድ ሄርዘንበርግ ቡድን ሴሎችን በሌዘር ብርሃን የሚለይ ማሽን ሠራ። ሴሎቹ የሚያበራ ቀለም በተያያዘበት አንቲቦዲ ይነከራሉ፤ ከዚያ በጠብታ ተሸፍነው በኤሌክትሪክ ወደየዕቃቸው ይዞራሉ። የማሽኑ አፍ ብዙ ጊዜ ከ70 እስከ 100 ማይክሮን ነው። ሁለት ሦስት ሴል ከተጣበቀ ውጤቱ ይበላሻል፤ ጉብጉቡ ከበዛ አፉ ይዘጋል። ስለዚህ ካልሲየምና ማግኒዥየም በሌለው ፈሳሽ ማጠብ፣ የሞቱ ሴሎች አፍስሰው እንደ ሙጫ የሚያጣብቀውን ዲኤንኤ በኢንዛይም መቁረጥ፣ በስስ ወንፊት ማጥለል፣ በረዶ ላይና ጨለማ ውስጥ ማቆየት ግድ ነው። ማሽን ሲመረቅ ሪባን ይቆረጣል፤ ስለ ወንፊቱ የሚናገር ግን የለም።

ዝግጅቱ የማን ደም ላይ እንደሚሠራም ለውጥ አለው። በ1994 የተጀመረው የኢትዮ-ኔዘርላንድ የኤድስ ምርምር ፕሮጀክት የጤነኛ ኢትዮጵያውያንን ሲዲ4 ሴል ሲቆጥር በአማካይ 775 አገኘ፤ የሆላንዶቹ 993 ነበር። (መቁጠርና መለየት አንድ አይደሉም፤ አንቲቦዲውና ሌዘሩ ግን ያው ነው።) ነፃው የኤችአይቪ መድኃኒት በ2005 ሲጀመር ማን ቀድሞ እንደሚወስድ ለመወሰን የሲዲ4 ቁጥር ከመለኪያዎቹ አንዱ ሆነ።

ሐረር ከአዲስ አበባ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። ደም አንድ ቀን ሲያልፈው ግራኑሎሳይት የሚባሉት ሴሎች ክብደታቸው ይለወጥና ከቀይ ሴሎቹ ጋር መዝቀጥ ሲገባቸው ያችን ስስ ደመና ይቀላቀላሉ።