«በሽተኛው አይፈልግም» ያለው ማነው?

እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 18 ቀን 1870 ስኮትላንድ፣ ኤደንብራ ከተማ ውስጥ ጥቂት ሴት የሕክምና ተማሪዎች የአናቶሚ ፈተና ሊፈተኑ ወደ ሰርጀንስ ሆል ሄዱ። የጠበቃቸው ከ200 በላይ ሰው ነበር። ጭቃ ወረወሩባቸው፣ ሰደቧቸው፣ የግቢውን በር ፊታቸው ላይ ዘጉባቸው። እንደምንም ገብተው ፈተናው ሲጀመር ደግሞ ረብሸኞቹ አንድ በግ ገፍትረው ወደ ክፍሉ አስገቡ። መምህሩ በጉን አላስወጣውም፤ ከላኩት ሰዎች እሱ ይሻላል ብሎ እዚያው ተወው።

ታሪኩ ብዙ ጊዜ የሚያበቃው እዚህ ጋ ነው፤ በጉ ስለሚያስቅ ይመስለኛል። እኔን የሳበኝ ግን ከግርግሩ ጀርባ የነበረው ክርክር ነው።

ሶፊያ ጄክስ-ብሌክና ጓደኞቿ በ1869 ኤደንብራ ዩኒቨርሲቲ ሲመዘገቡ፣ በብሪታንያ ዩኒቨርሲቲ ተመዝግበው የተማሩ የመጀመሪያዎቹ ሴቶች ሆኑ። ሐኪም ለመሆን ግን መጽሐፍ ብቻ አይበቃም፤ በሽተኛ አልጋ አጠገብ ቆሞ መማር ግድ ነው። የከተማዋ ትልቁ ሆስፒታል፣ ሮያል ኢንፈርመሪ፣ በሩን ዘጋባቸው። ከምክንያቶቹ አንዱ ነውር ነው የሚል ነበር፦ ወንድ በሽተኛ ሴት ተማሪ ፊት እንዴት ገላውን ያሳያል?

እስቲ አስቡት። የእነዚያን ወንዶች ቁስል የሚያጥቡትና አልጋቸውን የሚያነጥፉት ነርሶች ሴቶች ነበሩ። ሳህንና ጨርቅ የያዘች ሴት ነውር አልሆነችም፤ ነውሩ የመጣው ሴቲቱ ደብተር ስትይዝ ነው። ሴት በሽተኞችስ? እነሱን ወንድ ተማሪዎች ሲከቧቸው ታፍራላችሁ ወይ ብሎ የጠየቃቸው አልነበረም።

እኔ ሶፍትዌር ነው የምሠራው። ስብሰባ ላይ አንድ ሰው «ይሄን ተጠቃሚው አይወደውም» ሲል መጀመሪያ የምንለው «ጠይቃችሁታል?» ነው። ብዙ ጊዜ የተጠየቀ ሰው የለም፤ ያልወደደው ራሱ ተናጋሪው ነው። ኤደንብራም የሆነው ይኸው ይመስለኛል። በበሽተኛው ስም ሌላ ሰው እምቢ አለ።

በኋላ የሆስፒታሉ በር በጥቂቱ ተከፈተ፤ ያውም በተወሰኑ ክፍሎች፣ ከወንዶቹ በተለየ ሰዓት። በ1873 ደግሞ ፍርድ ቤት ዩኒቨርሲቲው ሊያስመርቃቸው አይገደድም ብሎ ወሰነ። ጄክስ-ብሌክ ግን አልተወችውም። በ1874 ለንደን ውስጥ የሴቶች የሕክምና ትምህርት ቤት እንዲቋቋም አደረገች፤ በ1877 ስዊዘርላንድ፣ በርን ዲግሪዋን ያዘች፤ በ1878 ወደ ኤደንብራ ተመልሳ ለድሆች ሴቶች ክሊኒክ ከፈተች። በሽተኞቹ መጡ። ክሊኒኩም አድጎ የሴቶች ሆስፒታል ሆነ። ማንም ያልጠየቃቸው ሰዎች መልሱን በእግራቸው መጥተው ሰጡ።

ዩኒቨርሲቲው ለሰባቱ ሴቶች የክብር ዲግሪ የሰጠው በ2019 ነው። አንዳቸውም በሕይወት ስላልነበሩ የተቀበሉላቸው የዘመኑ የሕክምና ተማሪዎች ናቸው።

ይህን ስል በሽተኛ ራሱ እምቢ አይልም ማለቴ አይደለም። ይላል። ታናሽ እህቴ የሕክምና ተማሪ ናት፤ ነጭ ጋዋን ለብሳ ስትገባ «ሲስተር፣ ዶክተሩ መቼ ነው የሚመጣው?» ይሏታል። ለምዳዋለች። አንድ ቀን ግን አንድ አባት በሴት አልመረመርም አሉ። የሚያስተምራት ሐኪም ምንም ሳይናገር ወንድ ተማሪ ጠራና ቀጠለ። «እሳቸውስ ይሁን፣ ታመው ነው» አለችኝ፣ «የሱ ዝምታ ነው ያቃጠለኝ።»

ሁለቱ ነገሮች መለየት አለባቸው። ገላው የበሽተኛው ነው፤ ተማሪ አይንካኝ ማለት መብቱ ነው። ከዚያ በኋላ የሚሆነው ግን የበሽተኛው ውሳኔ አይደለም። «አባቴ፣ እሷም እንደ ሌሎቹ ተማሪያችን ናት፤ አብሬ ቆሜ ነው የምታይዎት» ማለት አንድ ደቂቃ አይፈጅም። አሁንም እምቢ ካሉ ይከበርላቸው፤ እሷም ሌላ በሽተኛ ትመድብ፣ ትምህርቱ አያምልጣት።

ኤደንብራ ላይ ሴቶቹን ከጭቃው ይልቅ የጎዳቸው የተነጠቁት ትምህርት ነው። ጭቃውማ ታጥቦ ይለቃል።