አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ፦ ስለ ጎተራ፣ ስለ ድመትና ስለ ቀዳዳ

ባለፈው ክረምት ከወጥ ቤታችን ግድግዳ ውስጥ ማታ ማታ ኮሽ ኮሽ የሚል ድምፅ ይሰማ ጀመር። ለአንድ መሐንዲስ የሚያሳፍር ነገር ልናዘዝ፦ መጀመሪያ የገዛሁት ለሰው ጆሮ የማይሰማ ድምፅ እያወጣ አይጥ ያባርራል የተባለ የኤሌክትሪክ መሣሪያ ነበር። የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን በ2001 እንዲህ ያለውን ዕቃ ለሚሠሩና ለሚሸጡ ከ60 በላይ ኩባንያዎች ማስጠንቀቂያ ልኮ እንደነበር ያነበብኩት ገንዘቤን ከከፈልኩ በኋላ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ቀጥዬ የናና ዘይት ረጨሁ። ቤቱ ለሦስት ቀን ከረሜላ ከረሜላ ሸተተ፣ አይጡ ግን ለመደው። በዚያ ሰሞን ልትጠይቀን የመጣችው እናቴ ይህን ሁሉ ዝም ብላ ስታይ ቆይታ፣ «አንተ ልጅ፣ መጀመሪያ በየት ገባ ብለህ አትጠይቅም?» አለችኝ።

የእናቴ ጥያቄ ቀላል ይመስላል። ታሪክን ላገላበጠ ግን የሰው ልጅ ጥያቄውን ብዙ ጊዜ ሳይጠይቅ እንዳለፈ ይታያል። በ1665 ለንደን በወረርሽኝ ስትመታ የከተማዋ ሹማምንት ውሾችና ድመቶች እንዲገደሉ አዘዙ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይኼ ነው! አሌክሳንደር ዬርሲን የወረርሽኙን ባክቴሪያ በሆንግ ኮንግ ያገኘው በ1894 ነው። ፖል ሉዊ ሲሞን ደግሞ በ1898 ካራቺ ላይ ባደረገው ሙከራ በሽታውን ከአይጥ ወደ አይጥ የምታሻግረው ቁንጫ መሆኗን አሳየ። (በቅርብ ዓመታት አንዳንድ ተመራማሪዎች በአውሮፓው እልቂት የሰው ቁንጫና ቅማልም ድርሻ ነበራቸው ብለው ይከራከራሉ። ቢሆንም ድመቶቹን ነፃ ማውጣቱ አልቀረም።)

ከዚያም በኋላ ቢሆን ሹማምንት ብልህ አልሆኑም። በ1902 የፈረንሳይ ቅኝ ገዥዎች ሃኖይ ውስጥ ለእያንዳንዱ የአይጥ ጭራ ገንዘብ እንከፍላለን ብለው አወጁ። ብዙም ሳይቆይ ጭራ የሌላቸው አይጦች በከተማው ሲሯሯጡ ታዩ፤ ለጭራው ብለው አይጥ የሚያረቡም ተገኙ።

ቀዳዳውን የጠየቁት ገበሬዎች ናቸው። በጃፓን ሺዙኦካ አጠገብ፣ ቶሮ በተባለ ስፍራ፣ በ1943 የፋብሪካ መሠረት ሲቆፈር የያዮይ ዘመን መንደር ተገኘ። የዚያ ዘመን ሰዎች የእህል ቤታቸውን በእንጨት ምሰሶ ከመሬት ከፍ አድርገው፣ በምሰሶው አናት ላይ ሰፊ ጣውላ ይገጥሙ ነበር። አይጥ ምሰሶውን ትወጣለች፤ ጣውላው ሥር ስትደርስ ግን ተገልብጦ መራመድ ስለማይሆንላት ትመለሳለች። በስፔን ጋሊሲያ ደግሞ ኦሬኦ የሚባለው ጎተራ በድንጋይ እግር ይቆማል፤ በእያንዳንዱ እግር ላይ ጠፍጣፋ ድንጋይ ተጭኗል። የእንግሊዝ ገበሬም በእንጉዳይ ቅርጽ የተጠረበ ድንጋይ ያኖር ነበር። የሚገርመው ጃፓኖቹም ጋሊሲያኖቹም ለዚህ ክፍል የሰጡት ስም ወደ አማርኛ ሲመለስ አንድ መሆኑ ነው፦ «አይጥ መላሽ»። ዛሬም ወደብ ላይ መርከብ በሚታሰርበት ገመድ የሚሰካው ክብ ቆርቆሮ ይህንኑ ሥራ ይሠራል።

ወደ አገራችን እንምጣ። የአዲስ አበባ ልጅ ጎተራ ሲባል የሚታየው የመኪና ማሳለጫው ነው፤ ስሙ ግን የእህል ነው። የገጠሩ ጎተራ ከቀጭን እንጨት ተጎንጉኖ፣ በጭቃ፣ በጭድና በዕበት ተመርጎ፣ በድንጋይ ወይም በእንጨት ቆጥ ላይ ከመሬት ከፍ ብሎ ይቀመጣል። ቤት ውስጥ ደግሞ ጎታና ድብኝት አሉ፤ አፋቸው በጭቃ ይመረጋል። በሐረርጌ እህል በጉድጓድ ይከተታል፤ አፉ ሲታሸግ ውስጥ ያለው አየር እያለቀ ስለሚሄድ ነቀዝ ይታፈናል። ጉዳቱ ከግድግዳው የሚሰርገው እርጥበትና እሱን ተከትሎ የሚመጣው ሻጋታ ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ዓይነት ወዳጆቼን ማስቀየሜ አይቀርም። አንደኛው የአባቶቻችን ነገር ሁሉ እንከን የለሽ ነው የሚለው፣ ሁለተኛው ደግሞ ሁሉን ኋላ ቀር ብሎ የሚጥለው። እንደ መሐንዲስ ስመለከተው የእኛ ጎተራ ከሦስት ነገሮች ሁለቱን በሚገባ መልሷል፦ ከመሬት ከፍ ብሏል፣ ቀዳዳው ተመርጓል። ሦስተኛው፣ አይጥ መላሹ፣ በብዙ ስፍራ የለም። ስለዚህ አይጥ በእንጨት እግሩ ትወጣለች፤ ወጥታም የተሰነጠቀ ምርጊት ትፈልጋለች። የግብርና ባለሙያዎች በኋላ በእግሮቹ ላይ የቆርቆሮ ቆብ እንዲገጠም ማስተማራቸው ለዚህ ነው። ቆርቆሮ ባልነበረበት ዘመን ጠፍጣፋ ድንጋይ ይበቃ ነበር፤ ላሊበላን ከአለት የፈለፈለ ሕዝብ ድንጋይ መጥረብ አቅቶት እንዳልሆነ ግልጽ ነው። ታዲያ ለምን አልተደረገም? ስለ ነገሥታት ዘመቻ ይህን ያህል የጻፍን ሰዎች ስለ ጎተራ እግር የጻፍነው እጅግ ጥቂት ነው። ርስቱ፣ ግብሩ፣ እህሉን ማን ይወስደዋል የሚለው ስጋት ሁሉ ገበሬው ለጎተራው በሚያወጣው ድካም ላይ ሳይንጸባረቅ አይቀርም ብዬ እጠረጥራለሁ።

ድመትንም እንዳንረሳ። በ2004 ይፋ በሆነ ግኝት ቆጵሮስ ላይ ከሰው ጎን የተቀበረ የ9,500 ዓመት የድመት አጽም ተገኝቷል። የብዙ ሊቃውንት ግምት ድመት በሰው ፈቃድ ሳይሆን ጎተራ የሳባቸውን አይጦች ተከትላ በገዛ እግሯ ቤት ገባች የሚል ነው። እኔም ድመት አስቤ ነበር፤ የተከራየሁበት ውል ግን አይፈቅድም።

በመጨረሻ ቀዳዳውን አገኘሁት። ከዕቃ ማጠቢያው በስተኋላ፣ የውኃው ቱቦ ግድግዳ በሚገባበት፣ ጣቴ እንኳ የማያልፍበት ክፍተት ነው። ለትንሿ የቤት አይጥ የእርሳስ ውፍረት፣ ማለትም 6 ሚሊ ሜትር ያህል ይበቃታል። የብረት ሽቦ ጠቅጥቄ በሲሚንቶ መረግሁት፤ ፍርፋሪውንም፣ የጤፍ ከረጢቱንም ክዳን ባለው ቆርቆሮ ከተትኩ። እናቴ አጎንብሳ አየችውና፣ «ዕበት ቢኖር ይሻል ነበር» ብላ ወደ ሶፋዋ ተመለሰች።