የጦርነት ፊልም ምን ይመሰክራል?

«ማየት ማመን ነው» ሲባል እንሰማለን። ያለፈውን ዘመን ታሪክ በምንማርበት ጊዜ ግን ከመጽሐፍ በቀር በዓይናችን የምናየው ነገር ጥቂት ነው። የጥንት ነገሥታትና የጦር አዝማቾች ያደረጉትን ጸሐፊ ጽፎልን እናነባለን እንጂ ሲራመዱና ሲናገሩ አናያቸውም። በሃያኛው ምእተ ዓመት የኖሩት ሰዎች ግን ከዚህ የተለየ ዕድል አግኝተዋል። ሲስቁ፥ ዳቦ ለመግዛት ተራ ሲጠብቁ፥ ከፈረሰው ቤታቸው ዕቃ ሲያወጡ በፊልም ተነሥተው ቀርተዋል። እኛም በዚህ ጽሑፍ በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች ዘመን በአውሮፓ ስለ ተነሡት ፊልሞች ጥቂት ለመናገርና የፊልም ምስክርነት እስከ ምን ድረስ እንደሚታመን ለመመርመር አስበናል። ዓመቶቹን የምንጽፈው በአውሮፓ አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ይወቅልን።

ሉሚየር የተባሉት ሁለት ፈረንሳውያን ወንድማማች በዲሴምበር 28 ቀን 1895 በፓሪስ ከተማ፥ በአንድ ቡና ቤት ምድር ቤት ውስጥ፥ ዋጋ ለከፈለ ተመልካች ተንቀሳቃሽ ሥዕል አሳዩ። ካሳዩትም አንዱ ሠራተኞች ከፋብሪካ ሲወጡ የሚያሳይ ሲሆን ርዝመቱ አንድ ደቂቃ እንኳ አይሞላም። እንግዲህ ሲኒማ ገና ሲጀመር የተመለከተው የዘወትሩን ኑሮ ነበር ማለት ነው። ጥቂት ዓመታት ቈይቶ ፓቴ የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ ዜናን በፊልም ማሳየት ጀመረ፤ በ1910ም ይህንኑ ሥራ በእንግሊዝ አገር አቋቋመ። ቴሌቪዥን በየቤቱ ባልገባበት በዚያ ዘመን ሕዝቡ ወደ ሲኒማ ቤት ሲሄድ ከዋናው ፊልም በፊት የሳምንቱን ዜና ያይ ነበር።

ጦርነት ሲመጣ ይህ አዲስ መሣሪያ ታላቅ ኀይል እንዳለው ታወቀ። በጁላይ 1 ቀን 1916 በፈረንሳይ አገር በሶም ወንዝ አጠገብ በተጀመረው ውጊያ፥ በመጀመሪያው ቀን ብቻ ከእንግሊዝ ጦር 19,000 የሚያህሉ ወታደሮች ሞቱ። ጀፍሪ ማሊንስና ጆን ማክዳውል የተባሉ ሁለት ፊልም አንሺዎች ያነሡት ሥዕል፥ ውጊያው ገና ሳያልቅ በኦገስት ወር በለንደን ታየ። በሚሊዮን የሚቈጠር ሕዝብም ተመለከተው። በዚህ ፊልም ውስጥ ወታደሮች ከምሽግ ወጥተው ወደ ጠላት ሲሮጡ፥ ከእነርሱም አንዳንዶቹ ሲወድቁ የሚታይበት ክፍል አለ። ብዙ ተመልካች ያለቀሰው በዚህ ክፍል ነው። ነገር ግን መርማሪዎች በኋላ እንዳረጋገጡት፥ ይህ ክፍል ከጦር ግንባሩ ርቆ፥ ለፊልም ተብሎ የተደረገ ነው። በዚያው ፊልም ውስጥ የሚታዩት ቍስለኞችና ምርኮኞች ግን እውነተኞች ናቸው። ስለዚህ በአንድ ፊልም ውስጥ እውነቱና የተሰናዳው ጎን ለጎን ሊገኙ እንደሚችሉ ከዚህ እንማራለን።

ከዚያ በኋላ መንግሥታት ፊልሙን በእጃቸው አደረጉት። በጣሊያን አገር ሉቼ የተባለው ድርጅት በ1924 ተቋቋመ፤ በ1926ም ሲኒማ ቤቶች ሁሉ የዚህን ድርጅት ፊልም እንዲያሳዩ በሕግ ተገደዱ። በጀርመን ደግሞ የተለያዩት የዜና ፊልሞች በ1940 ተጠቃለው አንድ ብቻ ሆኑ፤ የበላይ ተቈጣጣሪያቸውም የፕሮፓጋንዳ ሚኒስትሩ ጎብልስ ነበር።

ይህ ነገር አገራችንንም ነክቷል። በ1935 ጣሊያን ኢትዮጵያን በወረረች ጊዜ የሉቼ ፊልም አንሺዎች ከጦሩ ጋራ ነበሩ። ለአገራቸው ሕዝብ ያሳዩትም ወታደሮቻቸው በሰልፍ ሲገሠግሡና መንገድ ሲሠሩ ነው። በአርበኞቻችንና በገበሬዎቻችን ላይ ከአውሮፕላን ስለ ወረደው የመርዝ ጋዝ ግን የዜናው ፊልም ዝም አለ። የጣሊያን መንግሥት ይህን ነገር በይፋ ያመነው ከ60 ዓመት በኋላ፥ በ1996 ነው። ሆኖም ሌላም ካሜራ ነበረ። በጁን 30 ቀን 1936፥ ማለት በእኛ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም.፥ ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በጄኔቭ በዓለም መንግሥታት ማኅበር ፊት ቆመው በአማርኛ ሲናገሩ፥ የጣሊያን ጋዜጠኞችም ንግግሩን በፉጨት ለማወክ ሞክረው ሳለ፥ ፊልም አንሺዎች ንጉሠ ነገሥቱን ቀርጸዋቸዋል። አንዱ ምስክር የሸሸገውን ሌላው ገለጠው።

እንደዚሁም በሴፕቴምበር 1939 ጀርመኖች ዋርሶን ከበው በቦምብ ሲደበድቡ፥ የጀርመን የዜና ፊልም የራሱን ጦር መድፍና አውሮፕላን ያሳይ ነበር። ጁሊየን ብራያን የተባለው አሜሪካዊ ግን ሌሎቹ የውጭ አገር ጋዜጠኞች አብዛኞቹ ከወጡ በኋላ ወደ ከተማው ገብቶ ከሕዝቡ መካከል ሆኖ አነሣ። እርሱ ያሳየን ምግብ ለማግኘት ተራ የሚጠብቁትን፥ በሆስፒታል ምድር ቤት የተኙትን አራስ እናቶች፥ ድንች ሊለቅሙ ወደ እርሻ ወጥተው ከአውሮፕላን በተተኰሰ ጥይት የሞቱትን ሴቶች ነው። ጦርነቱ አንድ፥ ከተማውም አንድ ሲሆን፥ ካሜራው የቆመበት ቦታ ስለ ተለያየ ታሪኩም ተለያየ።

ከሁሉ ይልቅ ልባችንን የነካው ግን በሆላንድ አገር ቬስተርቦርክ በተባለው የእስረኞች ሰፈር የተነሣው ፊልም ነው። ከዚህ ሰፈር 100,000 የሚያህሉ ሰዎች፥ አብዛኞቹ አይሁድ፥ ወደ ሞት ተልከዋል። በ1944 የሰፈሩ አዛዥ ጌመከር፥ ሥራው የተደራጀ መሆኑን ለማሳየት ብሎ፥ ሩዶልፍ ብሬስላወር የተባለውን አይሁዳዊ እስረኛ ፊልም እንዲያነሣ አዘዘው። በፊልሙም እስረኞች በፋብሪካ ሲሠሩና ስፖርት ሲጫወቱ ይታያሉ። ነገር ግን ሜይ 19 ቀን ባቡሩ ሊነሣ ሲል፥ ራሷን በነጭ ጨርቅ የሸፈነች አንዲት ልጅ ከዕቃ መጫኛው ፉርጎ በር መካከል ብቅ ብላ ወደ ውጭ ተመለከተች። ይህ ሁሉ የቈየው ሰባት ሴኮንድ ያህል ነው። አዛዡ ሥራውን እንዲያመሰግንለት ያዘዘው ፊልም የሚከሰው ምስክር ሆነ። ብሬስላወር ራሱ በዚያው ዓመት ወደ አውሽቪትስ ተልኮ በሕይወት አልተመለሰም።

የልጅቱ ፊት በዓለም ሁሉ ሲታወቅ ስሟን የሚያውቅ ግን አልነበረም፤ አይሁዳዊት ናት ይባል ነበር። በ1994 አድ ቫኬናር የተባለ የሆላንድ ጋዜጠኛ፥ በፊልሙ ውስጥ የሚታየውን ምልክት ሁሉ ተከታትሎ፥ ከዚያው ፉርጎ የተረፈች ሴት አገኘ። ልጅቱም ሴቴላ ሽታይንባኽ እንደምትባል፥ ሲንቲ ከሚባለው ሕዝብ እንደ ነበረችና በዚያን ቀን የ9 ዓመት ልጅ እንደ ነበረች ታወቀ። በዚያ ባቡር ወደ አውሽቪትስ ከተወሰዱት 245 ሮማና ሲንቲ አንዷ ነበረች፤ እዚያው ተገደለች። ስሟን ለማግኘት 50 ዓመት ፈጀ።

በኖቬምበር 29 ቀን 1945 በኑረምበርግ የጦር ወንጀለኞች ሲዳኙ የእስረኞች ሰፈሮች ፊልም ለፍርድ ቤት ቀረበ። ሥዕሎቹ ያልተለወጡ መሆናቸውን የሚያረጋግጥ የመኰንኖች የመሐላ ቃልም አብሮ ታየ። ዳኞች እንኳ ፊልምን ያለ መሐላ ካልተቀበሉ፥ እኛ የታሪክ ተማሪዎች ይልቁንም ልንጠነቀቅ ይገባናል። ፊልሙን ማን አነሣው? ማን አዘዘው? ካሜራው ያልዞረበት ወገን ምን ነበረ? ብለን እንጠይቅ። ዛሬ ካሜራ ያላየውን ሥዕል መሣሪያ ፈጥሮ ማሳየት በሚችልበት ጊዜ ይህ ጥያቄ ይበልጥ ያስፈልጋል።

ለመምህራኖቻችን፥ ለወላጆቻችንና ለጓደኞቻችንም አንድ ነገር እናሳስባለን። በዚህ የትምህርት ቤታችን በዓል ብዙ ሥዕል ይነሣል፤ ብዙውም ማን ማን መሆኑ ሳይጻፍበት ይቀመጣል። ቀኑንና ቦታውን፥ በፊት የቆሙትን ብቻ ሳይሆን በስተኋላ በጥግ የሚታዩትንም ሰዎች ስም እንጻፍበት። ከ50 ዓመት በኋላ የሚመጣው ተማሪ ፊታችንን ባየ ጊዜ ስማችንንም ያግኝ።