ቀለም የያዘውና ቀለም የለቀቀው፦ ስለ ግራም ማቅለሚያ ታሪክ



የግራም ማቅለሚያን ቅደም ተከተል ሁላችንም እንደ ዳዊት እንደግመዋለን፤ ቀለሙ ስለ ምን እንደሚመሰክር ግን እምብዛም አንጠይቅም። ዛሬ ላስረዳ የምሻው አንድ ነገር ነው፦ ቀለም ያልያዘው አካል ያስተማረን፣ ቀለም የያዘው ካስተማረን አያንስም።

ዴንማርካዊው ሐኪም ሃንስ ክርስቲያን ግራም እ.ኤ.አ. በ1884 ዘዴውን ሲያሳትም ባክቴሪያን በሁለት ወገን የመክፈል ሐሳብ አልነበረውም። በበርሊን ከካርል ፍሪድሌንደር ጋር ሲሠራ፣ በሳንባ ምች የሞቱ ሰዎችን ሳንባ እየመረመረ ባክቴሪያውን ከሰው ሕዋስ ለይቶ ማየት ፈለገ። ጄንሺያን ቫዮሌት ቀባ፤ አዮዲን ጨመረ፤ በአልኮል አጠበ። የሰው ሕዋሳት ቀለሙን ሲለቁ ባክቴሪያው እንደ ጠቆረ ቀረ። የታይፎይድ ባክቴሪያ ግን ቀለሙን ለቀቀ። ግራምም ዘዴው ገና ብዙ እንደሚጎድለው በጽሑፉ ገለጸ።

ምክንያቱ ያለው በሕዋሱ ግድግዳ ላይ ነው። ግድግዳው የስኳር ሰንሰለቶች በአጫጭር ፔፕታይዶች ተያይዘው የሠሩት፣ ፔፕቲዶግላይካን የሚባል መረብ አለው። ቀለሙና አዮዲኑ በሕዋሱ ውስጥ ተገናኝተው ትልቅ ውሕድ ይሆናሉ። መረቡ ወፍራም ሲሆን አልኮል ውኃውን መጥጦ ያጠብቀዋል፤ ውሕዱም መውጫ ያጣል። መረቡ ስስ ሲሆን ግን አልኮል የውጩን የቅባት ሽፋን ያሟሟል፤ ቀለሙም ይፈስሳል። ቤቨሪጅና ዴቪስ ይህን በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ተከታትለው ያሳተሙት በ1983፣ ከግራም ጽሑፍ 99 ዓመት በኋላ ነው።

ከግድግዳው ውጭ ያለው ካፕሱል ደግሞ የተለመዱ ማቅለሚያዎችን እምብዛም አይቀበልም። ጥቁር የጽሕፈት ቀለም ሲጨመር የከሰል ቅንጣቶቹ ወደ ካፕሱሉ መግባት ስለማይችሉ፣ በጨለማው መካከል ብሩህ ቀለበት ሆኖ ይታያል። በ1923 ሃይደልበርገርና ኤቨሪ የኒሞኮከስ ካፕሱል ፖሊሳካራይድ መሆኑን አሳዩ። ዛሬ ለሳንባ ምችና ለማጅራት ገትር ከሚሰጡት ክትባቶች ብዙዎቹ የሚዘጋጁት ከእነዚህ የካፕሱል ፖሊሳካራይዶች ነው። ሀገራችን በማጅራት ገትር ቀበቶ ውስጥ ስለምትገኝ ነገሩ ለእኛ ሩቅ አይደለም።

ስለዚህ ተማሪዎቼ፣ በመዝገባችሁ ላይ «ኔጌቲቭ» ብላችሁ ስትጽፉ ውጤት እንዳጣችሁ አትቁጠሩት። ቃሉ የሚናገረው ስለ አንድ ግድግዳ አሠራር ነው፤ ሐኪሙም የመጀመሪያውን መድኃኒት ሲመርጥ ከሚመለከታቸው ማስረጃዎች አንዱ ይኸው ነው።