ለሕፃናት የዱቄት ወተት የሚውል ውሃ አመራረጥና አዘገጃጀት

ሕፃናት ከተወለዱበት ሰዓት ጀምሮ 6 ወር እስኪሞላቸው ድረስ የእናት ጡት ወተት ብቻ እንዲያገኙ ይመከራል። በ2019 እ.ኤ.አ. የተካሄደው አነስተኛ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ እንደሚያሳየው፣ በኢትዮጵያ ከ6 ወር በታች ከሆኑ ሕፃናት መካከል የጡት ወተት ብቻ የሚያገኙት 59 በመቶ ናቸው። ኤች አይ ቪ በደሟ ውስጥ የሚገኝ እናትም መድኃኒቷን በአግባቡ እየወሰደች ማጥባት ትችላለች።

ይሁን እንጂ እናት በሞት ስትለይ፣ በጠና ስትታመም ወይም በጤና ባለሙያ በተረጋገጠ ምክንያት ማጥባት ሳትችል ስትቀር ሕፃኑ የዱቄት ወተት ሊያስፈልገው ይችላል። የሚከተለው መረጃ በደምበጫ፣ በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በአካባቢው የገጠር ቀበሌዎች እንዲህ ያለ ሕፃን ለሚያሳድጉ ቤተሰቦች የተዘጋጀ ነው።

ውሃው ለምን ይፈላል?

ውሃውን ማፍላት ያስፈለገው በሁለት ምክንያቶች ነው። አንደኛው፣ ንጹሕ መስሎ የሚታይ ውሃ ተቅማጥና የአንጀት ተስቦ የሚያስከትሉ ተሕዋስያንን ሊይዝ መቻሉ ነው። ሁለተኛውና ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው፣ የዱቄት ወተቱ ራሱ ከተሕዋስያን ሙሉ በሙሉ የጸዳ አለመሆኑ ነው። በታሸገ ቆርቆሮ ውስጥም ሳልሞኔላና ክሮኖባክተር የተባሉ ባክቴሪያዎች ሊገኙ ይችላሉ። እነዚህም በተለይ ከ2 ወር በታች በሆኑ፣ ያለ ጊዜያቸው በተወለዱና ዝቅተኛ ክብደት ባላቸው ሕፃናት ላይ የደም መመረዝና የማጅራት ገትር በሽታ ሊያስከትሉ ይችላሉ።

በዚህም ምክንያት የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት በ2007 እ.ኤ.አ. ያወጡት መመሪያ ዱቄቱ ከ70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባላነሰ ሙቅ ውሃ እንዲበጠበጥ ያዛል። ስለዚህ የተጣራ፣ በክሎሪን የታከመ ወይም የታሸገ ውሃ እንኳ ቀዝቃዛ ሆኖ ለመበጥበጥ ሊውል አይገባም።

የውሃ ምንጭ አመራረጥ

የቧንቧና የቦኖ ውሃ፦ በሚገኝበት ሁሉ ቀዳሚ ምርጫ ነው። ውሃው ተቋርጦ ሲመለስ መጀመሪያ የሚወርደውን ድፍርስ ውሃ ለሌላ ሥራ በማዋል ጠርቶ ሲወርድ መቅዳት ይገባል።

የጎለበተ ምንጭና የእጅ ፓምፕ የተገጠመለት ጉድጓድ፦ ቧንቧ በሌለበት ተመራጭ ናቸው። ዙሪያቸው የታጠረ፣ ከብት የማይደርስባቸውና ከመጸዳጃ ቤት ቢያንስ 30 ሜትር የራቁ ሊሆኑ ይገባል።

ክዳን የሌለው የእጅ ጉድጓድ፣ ያልጎለበተ ምንጭና ወንዝ፦ ሌላ አማራጭ ካለ ለሕፃን ወተት አይመረጡም። በተለይ በክረምት ጎርፍ አፈርና ዓይነ ምድር ጠርጎ ስለሚያስገባባቸው አደጋቸው ይጨምራል። ሌላ አማራጭ ከጠፋ ውሃውን አዝቅጦ፣ ጥሩውን በንጹሕ ነጠላ ጨርቅ አጥልሎ ማፍላት ያስፈልጋል።

የታሸገ ውሃ፦ ከተሕዋስያን ፍጹም የጸዳ ስላልሆነ እንደ ሌላው ውሃ ሊፈላ ይገባል። እንደ አምቦ ያለ ጋዝና ከፍተኛ ማዕድን ያለው ውሃ ለሕፃን ወተት አይሆንም።

ማፍላት የማያስወግዳቸው ነገሮች

ማፍላት ተሕዋስያንን ይገድላል እንጂ በውሃ ውስጥ የሟሙ ኬሚካሎችን አያስወግድም። እንዲያውም ውሃው በተነነ ቁጥር መጠናቸው ይጨምራል። ከማዳበሪያና ከመጸዳጃ ቤት ወደ ጥልቀት የለሽ ጉድጓድ ሊሰርግ የሚችለው ናይትሬት ከእነዚህ አንዱ ነው። ናይትሬት የሕፃኑ ደም ኦክስጅን የመሸከም አቅሙን ስለሚቀንስ ከንፈሩና ጥፍሩ ሊጠቁር ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ወሰን በሊትር 50 ሚሊ ግራም ነው። ማዳበሪያ በስፋት በሚውልባቸው የበቆሎ ማሳዎች አጠገብ የሚገኝ ጉድጓድ ለሕፃን ወተት ከመዋሉ በፊት ውሃው እንዲመረመር የወረዳውን የውሃ ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ይገባል።

በደጋማና በወይና ደጋ አካባቢ ማፍላት

ደምበጫ ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ93 ዲግሪ ገደማ ነው። ስለሆነም ውሃው መንተክተክ ከጀመረ በኋላ ለ3 ደቂቃ እንዲቆይ ይመከራል። ከዚያም ውሃው ለመበጥበጥ ከግማሽ ሰዓት በላይ ሊቆይ አይገባም። ከ1 ሊትር ያነሰ ውሃ ቶሎ ስለሚቀዘቅዝ ይበልጥ ፈጥኖ መጠቀም ያስፈልጋል።

ማገዶ ወይም ከሰል ለመቆጠብ የፈላውን ውሃ ለዚሁ ብቻ በተመደበ ንጹሕ ፔርሙዝ ውስጥ ማቆየት ይቻላል። ሆኖም ለብ ካለ እንደገና መፍላት አለበት።

አዘገጃጀት

1. እጅን በሳሙና መታጠብ፤ ኩባያውንና ማንኪያውን አጥቦ በውሃ መቀቀል። ጡጦ ለማጽዳት አስቸጋሪ ስለሆነ ክፍት ኩባያ ይመረጣል።
2. በቆርቆሮው ላይ በተጻፈው ልክ መጀመሪያ ሙቁን ውሃ፣ ቀጥሎ ዱቄቱን መጨመር። መስፈሪያው ከቆርቆሮው ጋር የመጣው ብቻ ሊሆን ይገባል።
3. የተበጠበጠውን ወተት ኩባያውን በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ በማስቀመጥ ማብረድ፤ ቀዝቃዛው ውሃ ወደ ወተቱ እንዳይገባ መጠንቀቅ።
4. ለሕፃኑ ከመስጠት በፊት በእጅ አንጓ ውስጠኛ ክፍል ላይ ጠብ አድርጎ ሙቀቱን መለካት።
5. በ2 ሰዓት ውስጥ ያልተጠጣውን መድፋት። የተረፈ ወተት እንደገና አይሞቅም።

ዱቄቱን ለማብቃቃት ውሃ ማብዛት ሕፃኑን ለምግብ እጥረት ይዳርጋል። ዱቄት ማብዛትም ኩላሊቱን ይጎዳል። ቤተሰቡ ዱቄቱን በበቂ መጠን ማግኘት ካልቻለ መጠኑን ከመቀነስ ይልቅ ወደ ጤና ጣቢያ ሄዶ ማማከር ይኖርበታል። ጡት መስጠት ያቆመች እናትም በባለሙያ ድጋፍ እንደገና ማጥባት ልትጀምር ትችላለች።

ስለ ውሃ ማከሚያ ኬሚካል

ውሃ አጋርና መሰል የክሎሪን ውጤቶች በጀሪካን የተቀመጠ ውሃ ዳግም እንዳይበከል ይረዳሉ። መጠኑ በመለያው ላይ በተጻፈው መሠረት ተጨምሮ 30 ደቂቃ ይጠበቃል። ይሁን እንጂ ክሎሪን ክሪፕቶስፖሪዲየም የተባለውን ጥገኛ ተሕዋስ ስለማይገድል ማፍላቱ አይቀርም።

ሕፃኑ ከታመመ

ተቅማጥ የያዘው ሕፃን ወተቱ ሳይቋረጥበት ኦ አር ኤስና ዚንክ በባለሙያ ትእዛዝ ይሰጠዋል። ዓይኑ ወይም እርግብግቢቱ ከጎደጎደ፣ መጥባት ወይም መጠጣት ካቃተው፣ የወሰደውን ሁሉ ካስመለሰ፣ ካተኮሰው፣ ካንቀጠቀጠው ወይም በዓይነ ምድሩ ደም ከታየ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል መወሰድ አለበት። ከ2 ወር በታች የሆነ ሕፃን ማናቸውም የሕመም ምልክት ሲታይበት ነገን ሊጠብቅ አይገባም።

ለተጨማሪ ማብራሪያ በየቀበሌው ጤና ኬላ የሚገኙ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎችን ማነጋገር ወይም የጤና ሚኒስቴርን ነፃ የስልክ መስመር 952 መጠቀም ይቻላል። የመጠቀሚያ ጊዜው ያለፈበት፣ ማሸጊያው የተከፈተ ወይም መለያ የሌለው የዱቄት ወተት በገበያ ላይ ሲታይ ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በ8482 ጥቆማ ይሰጣል።