ከዋናው አባት እስከ መጨረሻው መዝገብ

በፍኖተ ሰላምና በቡሬ አካባቢ፣ በጠቅላላውም በጎጃም ገጠር፣ በርስት ሥርዓት ዘመን የመሬት ክርክር የሚጀመረው ከመጀመሪያው ሰው ነበር። ባለርስት ነኝ ባይ ሁሉ የትውልድ ሐረጉን ቆጥሮ፣ መሬቱን አስቀድሞ ከያዘው ከዋናው አባት መድረስ ነበረበት። በ1960 ዓ.ም የጎጃም ገበሬዎች የእርሻ ገቢ ግብርን ተቃውመው በተነሡ ጊዜም፣ ከግብሩ ባሻገር ያሳሰባቸው መሬት ይለካል፣ ርስትም ይነካል የሚለው ሥጋት ነበር። የየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም አዋጅ ግን የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት በማድረግ ይህን ሥርዓት አስቀረው።

ከ1995 ዓ.ም ገደማ ጀምሮ በአማራ ክልል ይዞታ እየተመዘገበ፣ የባልና የሚስት ስም የሰፈረበት ደብተር መሰጠት ሲጀምር ጥያቄው ተገለበጠ። የሚፈለገው የመጀመሪያው ሳይሆን የመጨረሻው ሆነ፤ ይኸውም ከውርስ፣ ከስጦታና ከፍቺ በኋላ ዛሬ ባለይዞታው ማን ነው የሚለው ነው። ለዚህ የተሳሳተ መልስ ቢሰጥ፣ ባሏ የሞተባት ሴት በሟች ስም በቀረ አሮጌ መስመር ምክንያት ማሳዋን ልታጣ ትችላለች።

በወረቀት መዝገብ ጸሐፊው ወደ ታች ወርዶ የመጨረሻውን መስመር ያነባል። በኮምፒዩተር ግን «የመጨረሻ መስመር» የሚባል ነገር የለም። ኤድጋር ኮድ በ1962 ዓ.ም ባቀረበው ንድፍ መሠረት ሠንጠረዥ ቅደም ተከተል የሌለው የመስመሮች ስብስብ ነውና፣ ቅደም ተከተሉን መናገር የጠያቂው ፈንታ ሆነ። በ1966 ዓ.ም ቻምበርሊንና ቦይስ ያስተዋወቁት፣ በኋላ ኤስ.ኪው.ኤል. የተባለው ቋንቋም የተመሠረተው በዚሁ ንድፍ ላይ ነው።

ስለዚህ በየማሳው የቅርቡን ቀን መፈለግ ብቻ አይበቃም፤ ቀኑ ይገኛል እንጂ ከርሱ ጋር የተጻፈው ስም አብሮ አይመጣም። የተገኘውን የማሳ ቁጥርና ቀን ከዋናው ሠንጠረዥ ጋር መልሶ ማገናኘት ያስፈልጋል። በአንድ ቀን ሁለት ዝውውር ተመዝግቦ እንደሆነ ደግሞ የምዝገባው ተራ ቁጥር ይለየዋል።

ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ሌላም ወጥመድ አለ፤ እርሱም ጳጉሜን ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር የተሠራ የቀን ዓምድ 13ኛ ወር አይቀበልም። በዚህ ምክንያት ቀኑ እንደ ተራ ጽሑፍ የገባ እንደሆነ፣ «30/02/1990» ከ«05/06/2001» በኋላ የመጣ መስሎ ይሰለፋል፤ አሮጌው አዲሱን ያሸንፋል። መፍትሔው ዓመቱን አስቀድሞ «1998/13/05» ብሎ መጻፍ ነው። ዝውውሩ የተፈጸመበትና መዝገብ የገባበት ቀንም ለየብቻ ሊሰፍሩ ይገባል፤ ዘግይቶ የተመዘገበ ሁሉ ዘግይቶ የተፈጸመ አይደለምና።

የዘር ሐረግ ቆጣሪ ሽማግሌ ቢሳሳት ሌላ ሽማግሌ ሊያርመው ይችል ነበር። ኮምፒዩተር ግን ስሕተቱንም እንደ እውነት ያቀርባልና፣ ጥያቄውን አስተካክሎ መጻፍ የባለሙያው ዕዳ ነው።